ድሜጥሮስና የቀሪ ቁጥር ጥበብ

በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን በመቱና በጎሬ፣ በሌሎቹም የኢሉባቦር ከተሞች አብያተ ክርስቲያናት፣ የዓመቱ ጾምና በዓል በባሕረ ሐሳብ ተቈጥሮ ለምእመናን ይነገራል። ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ዳሩ ግን በክፍል ከምንማረው የቁጥር ጥናት ጋር ዘመድ መሆኑን ያስተዋልን ጥቂቶች ነን። ስለዚህ ሒሳቡ በስሙ የሚጠራለትን ሰው ታሪክ በአጭሩ ልናቀርብ ወደድን።

ድሜጥሮስ የእስክንድርያ 12ኛው ሊቀ ጳጳስ ነው። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ እንደሚተርከው፣ የወይን አትክልት ጠባቂ ነበረ እንጂ የተማረ ሰው አልነበረም። ሊቀ ጳጳሱ ዩልያኖስ ሊያርፍ ሲል ያለ ወራቱ የወይን ዘለላ ይዞ በመቅረቡ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ189 ገደማ በመንበሩ ተተካ። ሚስት ያለው በመሆኑም ሕዝቡ አጉረመረመበት። እርሱ ግን ከሚስቱ ጋር በንጽሕና ይኖር ነበርና፣ የእሳት ፍም በልብሳቸው ታቅፈው ሳይቃጠሉ በመታየታቸው ሐሜቱ ቀረ ይባላል።

ጾመ ነነዌ ከሰኞ፣ ትንሣኤ ከእሑድ እንዳይወጣ በመሻት 23 ሱባዔና 7 ሱባዔ ያዘ። 23 ጊዜ 7፣ 161 ነው፤ በ30 ሲገደፍ 11 ይቀራል፤ ይህ ጥንተ አበቅቴ ነው። 7 ጊዜ 7፣ 49 ነው፤ በ30 ሲገደፍ 19 ይቀራል፤ ይህም ጥንተ መጥቅዕ ነው።

እስቲ 2018 ዓመተ ምሕረትን እንውሰድ። 5500 ሲጨመርበት 7518 ይሆናል። በ19 ስንገድፈው 13 ይቀራል፤ አንዱን ስንቀንስ ወንበሩ 12 ነው። 12 ጊዜ 11፣ 132፤ በ30 ተገድፎ አበቅቴው 12። 12 ጊዜ 19፣ 228፤ በ30 ተገድፎ መጥቅዑ 18። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ናቸው። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው፤ ምክንያቱም 11ና 19 ራሳቸው 30 ይሞላሉ። 4ቱ ወንጌላውያን፣ 7ቱ ዕለታትና የጨረቃው 19 ዓመትም ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው፣ ሦስቱ አንድ ላይ ወደ መነሻቸው የሚመለሱት ሲባዙ በሚገኘው በ532 ዓመት ነው። ይህም ዐቢይ ቀመር ይባላል። እንግዲህ ትልቁ ቁጥር የሚታወቀው በቀሪው ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ የ19 ዓመቱን ዑደት የአቴናው ሜቶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 አስታውቆት ነበር፤ የእስክንድርያ ሊቃውንትም ስሌቱን ከድሜጥሮስ በኋላ አሻሽለውታል። ድሜጥሮስም ከጉድለት የነጻ አልነበረም፤ ወጣቱን ሊቅ ኦሪጀንን ለትምህርት ቤቱ ሾሞት ሳለ፣ በኋላ በፍልስጥኤም ቅስና ስለ ተቀበለ አወገዘው። በ232 ገደማ አረፈ፤ መታሰቢያውም ጥቅምት 12 ቀን ነው።

የጀርመኑ ጋውስ የቀሪን ሕግ በ1801 በመጽሐፍ ሲያደራጅ፣ የእኛ መሪጌቶች በቃል ይገድፉ ነበር። ይህን እንደ ባዕድ ትምህርት ብቻ አጥንተን ፈተና ካለፍን በኋላ የምንረሳው ከሆነ፣ ጉድለቱ የእኛ ነው። ጓደኞቻችን ሆይ፣ ለዕረፍት ወደየከተማችን ስንመለስ አንድ መሪጌታ ፊት ቁጭ ብለን እንጠይቅ፤ ማስረጃውን ደግሞ እኛ እንጨምርበት።