ከኤል. ኤም. ጀርባ የነበረችው ሴት

ዲዛይንና ሥነ ልቦና የት ተገናኙ ብዬ ስፈልግ ያገኘሁት በ1914 እ.ኤ.አ. የታተመ መጽሐፍ ነው። ስለ አስተዳደር ሥነ ልቦና ያወራል፤ ደራሲው ኤል. ኤም. ጊልብሬዝ ይላል። እኔም ወንድ መስሎኝ ነበር። ለካስ ሊሊያን ናት! ሴት መሆኗ እንዳይታወቅ የፈለገው አሳታሚው ነው። ጋዜጠኝነት ለምንማር ልጆች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ በጽሑፍ ላይ ስም መውጣት ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን።

ሊሊያን በ1878 በካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ተወለደች። በ1904 ፍራንክ ጊልብሬዝን አገባች። ፍራንክ ግንበኛ ሆኖ የጀመረ ሰው ነው፤ አንድ ጡብ ለመደርደር የሚያስፈልገውን 18 እንቅስቃሴ ወደ 5 ገደማ አውርዶታል። እሱ እንቅስቃሴ ሲቆጥር እሷ የሠራተኛውን ድካምና ስሜት ታጠና ነበር። በ1915 ከብራውን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን የያዘችው ልጆች እያሳደገች ነው።

በጁን 1924 ፍራንክ በልብ ሕመም በድንገት ሞተ። አሥራ አንድ ልጆች በእጇ ቀሩ። ሐዘኑ ሳይወጣ፣ በቀናት ውስጥ፣ እሱ ሊናገርበት በነበረው ጉባኤ በእሱ ፈንታ ለመናገር በመርከብ ወደ አውሮፓ ሄደች። ስትመለስ ግን ደንበኞቹ ውል አላደሱላትም። ያለ ባሏ ሴት መሐንዲስ ማን ይፈልጋል?

እሷም ሴት ታውቀዋለች ወደሚሉት ቦታ ዞረች፤ ወደ ኩሽና። ለጄኔራል ኤሌክትሪክ ስትሠራ ከ4,000 በላይ ሴቶችን አነጋግራ ምድጃና የዕቃ ማጠቢያ ምን ያህል ከፍታ ቢኖረው ወገብ እንደማያደክም አጠናች። ዕቃው ሰውን ይምሰል እንጂ ሰው ለዕቃው አይጉበጥ ነው ነገሩ። አቀማመጡን ብቻ በመቀየር አንድ የእንጆሪ ኬክ ለመሥራት የሚኬደውን 281 እርምጃ ወደ 45 አወረደችው። በእግር ተረግጦ የሚከፈተው የቆሻሻ መጣያና የፍሪጅ በር መደርደሪያም የእሷ ሐሳብ እንደሆኑ ይነገራል። የሚያስቀው ደግሞ ሊሊያን ራሷ ወጥ ቤት ብዙም አታውቅም፤ በቤቷ የሚያበስለው ሌላ ሰው ነበር። ለዚህ ይሆናል መሰለኝ ከመገመት ይልቅ ሄዳ የጠየቀችው።

በ1935 በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነች፤ በ1965 ለአሜሪካ ብሔራዊ የምሕንድስና አካዳሚ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በ1972 አረፈች። ከ12 ዓመት በኋላ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ምስሏን በ40 ሳንቲም ቴምብር ላይ አወጣ። ሊሊያን የሚለው ስም እዚያ ላይ አልተቆረጠም።