ኤድጋር ኮድ፦ መረጃን ከፕሮግራም ጥገኝነት ያላቀቁት የሒሳብ ሊቅ

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1970 የአሜሪካ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር በሚያሳትመው ወርኃዊ መጽሔት ላይ አሥራ አንድ ገጽ ያለው ጽሑፍ ወጣ። ጸሐፊው በካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆሴ በሚገኘው የአይቢኤም የምርምር ማዕከል ይሠሩ የነበሩት ኤድጋር ፍራንክ ኮድ ናቸው። ጽሑፉ የሒሳብ ምልክት የበዛበትና ለማንበብ የሚያታክት በመሆኑ በጊዜው ብዙዎች ትኩረት አልሰጡትም። ዛሬ ባንክ ገንዘብ ሲያስተላልፍ፣ አየር መንገድ መቀመጫ ሲይዝ፣ ሆስፒታል የታካሚን ካርድ ሲያወጣ ከጀርባ የሚገኘው በአብዛኛው ከዚያ ጽሑፍ የተወለደ አሠራር ነው።

የሰውየው የቤተሰብ ስም በአማርኛ ሲጻፍ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ከሚጻፍበት ኮድ ከሚለው የውሰት ቃል ጋር አንድ ይሆናል። ነገሩ አጋጣሚ ብቻ ነው። ይሁንና ባለስሙ ከዕድሜያቸው ትልቁን ክፍል የሰጡት ተራ ሰው ኮድ ሳይጽፍ መረጃውን የሚጠይቅበትን መንገድ ለማግኘት ነበርና አጋጣሚው ፈገግ ያሰኛል። እንዳይምታታ ከዚህ በኋላ በመጀመሪያ ስማቸው መጥራቱ ይሻላል።

ኤድጋር የተወለዱት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 19 ቀን 1923 በደቡብ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው በፖርትላንድ ደሴት ነው። ከሰባት ልጆች የመጨረሻው ነበሩ። ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝተው ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቢገቡም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ትምህርታቸውን አቋረጠው፤ በእንግሊዝ ንጉሣዊ አየር ኃይል ውስጥ አብራሪ ሆነው አገለገሉ። ጦርነቱ ሲያበቃ ተመልሰው በሒሳብ ተመረቁና በ1948 ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በባዕድ አገር የጀመሩት ሥራ ከዕውቀታቸው ጋር የሚገናኝ አልነበረም፤ ኒውዮርክ ውስጥ ማሲስ በተባለው ትልቅ መደብር የወንዶች ልብስ ሻጭ ሆኑ። ከዚያ ለአጭር ጊዜ በቴኔሲ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ አስተምረው በ1949 አይቢኤም ገቡ።

በ1953 ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ በኮሚኒስትነት በሚጠረጥሯቸው ሰዎች ላይ የከፈቱት ዘመቻ አገሩን ሲያውከው፣ ኤድጋር በሁኔታው ተቆጥተው ሥራቸውን ትተው ወደ ካናዳ ሄዱ። ደህና ደመወዝና የተደላደለ ኑሮ ጥሎ መሄድ ለስደተኛ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ይህ ያመኑበትን ይዞ የመቆም ጠባይ ኋላ ከገዛ ኩባንያቸው ጋር ባደረጉት ትግልም ታይቷል። በ1957 ወደ አይቢኤም ተመለሱ፤ ኋላም እንደገና ተማሪ ሆነው በ1965 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ።

ወደ ሳን ሆሴ ሲዛወሩ ያገኙት ዓለም እንዲህ ነበር። ኮምፒውተር የገባባቸው ትልልቅ ድርጅቶች መረጃቸውን የሚያስቀምጡት በአብዛኛው እንደ ዛፍ ከግንድ ወደ ቅርንጫፍ በሚወርድ ተዋረድ ነው። የዚህ አሠራር ዋነኛ ምሳሌ አይቢኤም ከሌሎች ኩባንያዎች ጋር ለአፖሎ የጨረቃ ጉዞ የሠራው አይኤምኤስ የተባለው ሥርዓት ሲሆን፣ ዓላማውም የግዙፉን ሮኬት ክፍሎች መዝግቦ መያዝ ነበር። ሮኬቱ በዋና ዋና አካላት ይከፈላል፤ እነዚያም ወደ ትናንሽ ክፍሎች፣ ትናንሾቹም እስከ ብሎን ድረስ ይወርዳሉ። አንድ አካል በውስጡ ምን ምን እንደያዘ ለማወቅ ይህ አደራደር እጅግ ፈጣን ነው። ጥያቄው ሲገለበጥ ግን፣ ማለትም ይህች ብሎን በየትኞቹ አካላት ውስጥ እንደምትገኝ ለማወቅ ሲፈለግ፣ ፕሮግራም ጸሐፊው ዛፉን ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ የሚያስስ አዲስ ፕሮግራም መጻፍ ነበረበት። ሥራ አስኪያጁ ለአንዲት ጥያቄ መልስ ብዙ ቀን ይጠብቃል። ከዚህም የከፋው፣ ድርጅቱ አድጎ የዛፉ ቅርጽ መለወጥ ሲኖርበት በአሮጌው ቅርጽ ላይ ተመሥርተው የተጻፉት ፕሮግራሞች ሁሉ ይሰበራሉ።

ኤድጋር በ1970ው ጽሑፋቸው ይህን ድካም በቀላል ምሳሌ አሳይተዋል። ስለ ዕቃ ክፍሎችና ስለ ፕሮጀክቶች የሚናገር አንድ ዓይነት መረጃ ወስደው በአምስት የተለያዩ ዛፎች ሊደረደር እንደሚችል ዘረዘሩ። አንዱን አደራደር አውቆ የተጻፈ ፕሮግራም ከአምስቱ ቢያንስ በሦስቱ ላይ እንደማይሠራም አመለከቱ። እንግዲህ ጥፋቱ ከፕሮግራም ጸሐፊው ሳይሆን ከመሠረቱ ነበር ማለት ነው፤ ፕሮግራሙ መረጃው የተቀመጠበትን ጓዳ ጎድጓዳ እንዲያውቅ ተገዷል።

መፍትሔያቸው ከስብስብ ሒሳብና ከሥነ አመክንዮ የተቀዳ ነው። መረጃ ሁሉ በሠንጠረዥ፣ ማለትም በረድፍና በዓምድ ይቀመጥ አሉ። እያንዳንዱ ረድፍ ከሌላው የሚለይበት ቁልፍ ይኑረው፤ ሠንጠረዦች የሚገናኙትም በተሰወረ ማያያዣ ሳይሆን በውስጣቸው በተጻፈው ዋጋ ይሁን። ተጠቃሚው የሚፈልገውን ብቻ ይናገር፤ እንዴት ፈልጎ እንደሚያመጣው ማሽኑ ይወቅበት። በሙያው ሪሌሽናል የሚባለው አሠራር ይህ ነው።

ነገሩን ወደ ዕለት ኑሮ ለማቅረብ፣ ዕቃ ወደ አገር ቤት የሚልክ አንድ አነስተኛ የካርጎ ቢሮ በምሳሌነት ይወሰድ። ባለቤቱ አንድ የኤክሴል ገጽ ከፍቶ በእያንዳንዱ ረድፍ የላኪውን ስም፣ ስልክ፣ የተቀባዩን አድራሻ፣ የዕቃውን ክብደትና ዋጋውን ይመዘግባል። በዓመቱ አርባ ጊዜ የላከ ደንበኛ ስልኩ አርባ ቦታ ተጽፏል ማለት ነው። ደንበኛው ስልኩን ሲለውጥ ሠላሳው ታርሞ አሥሩ ይረሳል፤ ከዚያ በኋላ ትክክለኛው የቱ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አንድ ረድፍ በስህተት ሲሰረዝ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ የላከው ደንበኛ ከነአድራሻው ይጠፋል። ኤድጋር በ1970ና በ1971 ደረጃ በደረጃ ያስቀመጧቸው የአደራደር ሕጎች የሚከላከሉት እንዲህ ያለውን ጥፋት ነው፦ ደንበኛው በአንድ ሠንጠረዥ፣ ጭነቱ በሌላ ሠንጠረዥ ይቀመጣል፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው የደንበኛው ቁጥር ነው። ስልኩ የሚጻፈው አንድ ቦታ፣ የሚታረመውም አንድ ጊዜ ነው።

ሐሳቡ በገዛ ቤቱ ቶሎ አልተቀበሉትም። አይቢኤም በአይኤምኤስ ብዙ ገንዘብ ያገኝ ስለነበር የራሱን ገበያ የሚያናጋ ሐሳብ ለማሳደግ አልቸኮለም። ብዙ ባለሙያዎችም ሒሳቡ ያማረ ቢሆንም በተግባር ማሽኑን ያንቀራፍፈዋል ብለው ተከራከሩ። ክርክራቸው መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ የዚያን ዘመን ኮምፒውተሮች በእርግጥም ደካሞች ነበሩ። በ1974 በአን አርበር፣ ሚሺጋን በተካሄደ ጉባኤ ኤድጋር የመረብ አሠራር አባት ከሆኑትና የቱሪንግ ሽልማትን በ1973 ከተቀበሉት ከቻርልስ ባክማን ጋር በአደባባይ ተከራከሩ። ከዚህም ሌላ የአይቢኤም ደንበኞችን ራሳቸው እያነጋገሩ የሐሳባቸውን ጥቅም ያስረዱ ነበር፤ አለቆቻቸው ይህን እንዳልወደዱት መገመት አያዳግትም።

በመጨረሻ ኩባንያው በሳን ሆሴ የሙከራ ፕሮጀክት ከፈተ። ወጣት ተመራማሪዎቹ ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ ለእንግሊዝኛ የቀረበ የመጠየቂያ ቋንቋ ሠሩ፤ እስከ ዛሬ ኤስኪውኤል የሚባለው እርሱ ነው። ኤድጋር ግን በልጁ ደስተኛ አልነበሩም፤ ቋንቋው ተመሳሳይ ረድፎች እንዲደጋገሙ መፍቀዱን እስከ መጨረሻው ነቅፈውታል። በሌላ በኩል በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ማይክል ስቶንብሬከር የመሯቸው ተመራማሪዎች የራሳቸውን ሥርዓት ሠሩ፤ ዛሬ በነጻ የሚገኘው ፖስትግሬስ ከዚያ ዘር የመጣ ነው። አይቢኤም የታተመውን ጽሑፍ መደበቅ አይችልምና ላሪ ኤሊሰን የመሠረቱት ድርጅት ቀድሞ በ1979 ኦራክልን ለገበያ አቀረበ። አይቢኤም የመጀመሪያውን ሪሌሽናል ምርቱን ያወጣው ሐሳቡ ከታተመ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1981 ነው። በዚያው ዓመት ኤድጋር የቱሪንግን ሽልማት ተቀበሉ።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ እምብዛም የማይነገርለት፣ ግን ለዛሬ ዘመን እጅግ የቀረበው፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ የጀመሩትና ራንዴቩ ብለው የሰየሙት ሙከራ ነው። ሥርዓቱ የታሰበው አልፎ አልፎ ብቻ ኮምፒውተር ለሚነካ ሰው ነበር። ሰውየው ጥያቄውን በተለመደ እንግሊዝኛ ይጽፋል፤ ማሽኑ ያልገባውን መልሶ ይጠይቀዋል፤ የተረዳውንም በራሱ አገላለጽ ደግሞ ካረጋገጠ በኋላ መልስ ይፈልግለታል። የጊዜው ማሽን ሐሳቡን የሚሸከም አልነበረምና ከሙከራ አላለፈም።

ዛሬ በጥቂት ኮድ ወይም ያለ ኮድ የሥራ መተግበሪያ መሥራት የሚያስችሉ መሣሪያዎች፣ የማይክሮሶፍቱን ፓወር አፕስ የመሰሉት፣ ለዚያው ሰው የቀረቡ ናቸው። የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ በጥቂት ቀናት ውስጥ የራሱን መመዝገቢያ ይሠራል። መረጃውን ግን የት ያስቀምጠው የሚለው ጥያቄ ኤድጋር ወደ ታገሉበት ሜዳ ይመልሰዋል። አብዛኛው ሰው የሚጀምረው በእጁ ባለው በኤክሴል ወይም ቢሮው አስቀድሞ በከፈለበት የሼርፖይንት ዝርዝር ነው። ለጥቂት ሰዎችና ለአጭር መዝገብ ይህ ነውር የለበትም። ችግሩ የሚመጣው ሥራው ሲያድግ ነው። መተግበሪያው ጥያቄውን መረጃው ወዳለበት ልኮ እዚያው ማስመለስ ሲያቅተው ረድፎቹን ወደ ራሱ አምጥቶ ይቆጥራል፤ የሚያመጣውም ካልተለወጠ 500፣ ቢበዛ ደግሞ 2,000 ረድፍ ብቻ ነው። መዝገቡ 6,000 ጭነት ቢኖረው፣ በማያ ገጹ ላይ የሚታየው ድምር የሁለት ሺሁ ብቻ ይሆናል። ተጠቃሚው ቁጥሩን አምኖ ሒሳብ ይዘጋል። የሼርፖይንት ዝርዝርም ብዙ ሚሊዮን ረድፍ መያዝ ቢችልም አንድ ዕይታ ከ5,000 በላይ ሲነካ መሰናክል ይገጥመዋል። ዳታቨርስን ወይም ኤስኪውኤል ሰርቨርን የመሳሰሉት መሠረቶች አብዛኛውን ጥያቄ እዚያው መረጃው ባለበት ይመልሳሉ፤ በፓወር አፕስ ለመጠቀም ግን ተጨማሪ የፈቃድ ክፍያ ይጠይቃሉ። ብዙዎች እያወቁም የሚዘገዩት በዚህ ምክንያት ነው። ከመጀመሪያው ቀን ደንበኛውንና ጭነቱን በየራሱ ዝርዝር ለይቶ ቁልፍ የሰጠ ሰው፣ የመዛወሩ ቀን ሲደርስ ሠንጠረዦቹን እንዳሉ ያሸጋግራል፤ ሁሉን በአንድ ገጽ ያጨቀው ግን መጀመሪያ የራሱን ጽሑፍ መፍታት ይኖርበታል።

ኤድጋር አይቢኤምን ከለቀቁ በኋላ በ1985 በአንድ የኮምፒውተር ጋዜጣ ላይ ዝነኞቹን አሥራ ሁለት ሕጎች አወጡ። ሲቆጠሩ አሥራ ሦስት ናቸው፤ ሒሳብ ዐዋቂው ከዜሮ ጀምረዋልና። በጊዜው ነጋዴዎች አሮጌ ዕቃቸውን ሪሌሽናል በሚል አዲስ ስም ይሸጡ ስለነበር፣ ሕጎቹ ለገዢው መመዘኛ እንዲሆኑ ታስበው ነው የተጻፉት። ከመካከላቸው አንዱ፣ የመረጃውን ትክክለኛነት የሚጠብቁ ደንቦች በየመተግበሪያው ሳይሆን በመረጃ ቋቱ ውስጥ እንዲቀመጡ ያዛል። ክብደት ከዜሮ በታች አይሁን የሚል ደንብ በስልኩ መተግበሪያ ላይ ብቻ ከተጻፈ፣ ነገ በሌላ መንገድ የሚገባው መረጃ ያለ ጠባቂ ይገባልና።

እኒሁ ሰው በ1993 ራሳቸው ተነቅፈዋል። ስለ መረጃ ትንተና ያወጡት ጽሑፍ በአንድ ሶፍትዌር ሻጭ ድጋፍ የተዘጋጀ መሆኑ ሲታወቅ፣ ለገዢ መመዘኛ የሰጡት ሊቅ ለሻጭ ቆሙ የሚል ወቀሳ ደረሰባቸው። በጽሑፉ ውስጥ ያለው ሐሳብ ዋጋ ቢኖረውም ወቀሳው ተገቢ ነበር።

ዶክተር ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 18 ቀን 2003 በፍሎሪዳ፣ በዊሊያምስ ደሴት መኖሪያቸው በልብ ሕመም ዐረፉ። 79 ዓመታቸው ነበር። በማግስቱ ዓመት የኮምፒውተር ባለሙያዎቹ ማኅበር የመረጃ ቋት ተመራማሪዎች ክፍል ለፈጠራ የሚሰጠውን ዓመታዊ ሽልማት በስማቸው ሰየመው።