ማሪያ ሞንቴሶሪና የተውሳከ ግሥ ትምህርት

የሕፃናት ትምህርት በተነሣ ቁጥር ስማቸው አብሮ የሚነሣው ዶክተር ማሪያ ሞንቴሶሪ በልጅነታቸው የተመኙት ሙያ ምሕንድስና እንደ ነበረ ብዙ ጊዜ አይወሳም። የተወለዱት በኢጣልያ፥ ኪያራቫሌ በምትባል ከተማ በ1870 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቤተ ሰባቸው ወደ ሮማ ከተዛወረ በኋላ፥ በ13 ዓመታቸው በዘመኑ ለወንዶች ልጆች ይገባል ይባል ወደ ነበረው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ 1890 ድረስ ሒሳብና የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሩ። ቆየት ብሎ ግን ሐሳባቸው ወደ ሕክምና አዘነበለ። ሴት ከወንዶች ጋር ሆና ሬሳ መመርመሯ ነውር ነው ስለ ተባለ፥ ሌሎቹ ተማሪዎች ከወጡ በኋላ ብቻቸውን እየሠሩ በ1896 ከሮማ ዩኒቨርሲቲ በሐኪምነት ተመረቁ።

ከተመረቁ በኋላ በአእምሮ ሕሙማን ክሊኒክ ሠሩ። በዚያም የአእምሮ እድገታቸው ዘገምተኛ የሆነ ሕፃናት ከበሽተኞች ጋር ተዘግቶባቸው፥ እጃቸው የሚነካው ነገር አጥቶ ሲውሉ አዩ። የፈረንሳውያኑን ሐኪሞች የኢታርንና የሴጌንን ጽሑፎች ሲመረምሩ፥ ለእነዚህ ሕፃናት ከመድኃኒት ይልቅ ትምህርት እንደሚበጃቸው ተረዱ። በእነዚሁ ዓመታት፥ በ1898፥ ወንድ ልጅ ወለዱ። ከልጁ አባት ጋር ስላልተጋቡ፥ በዘመኑ ልማድ ሕፃኑን ይፋ ማድረግ ሙያቸውን የሚያሳጣ ነበርና ልጃቸው ማሪዮ በገጠር በሌሎች እጅ አደገ። ለሰው ልጆች ሁሉ የተጨነቁት እናት የራሳቸውን ልጅ ወደ ቤታቸው ያስገቡት፥ እናታቸው በ1912 ካረፉ በኋላ፥ ልጁ 15 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ለረዥም ጊዜ በሰው ፊት የሚታወቀው እንደ ዘመድ ልጅ ሆኖ ነበር። ይህ የሕይወታቸው ከባዱ ዋጋ ነው።

በጥር 1907 ሳን ሎሬንዞ በተባለው የሮማ የድሆች ሠፈር የሕፃናት ቤት ተከፈተ። ወላጆቻቸው ለሥራ ሲወጡ የሚጠብቃቸው አጥተው የታደሱትን ሕንፃዎች ግድግዳና ደረጃ የሚያበላሹትን ልጆች ለመሰብሰብ የሕንፃዎቹ ባለቤቶች ያቋቋሙት ሲሆን፥ የማስተማሩን ኃላፊነት የወሰዱት ሞንቴሶሪ ናቸው። ለሕፃናቱ ያዘጋጁላቸው መሣሪያዎች አንድ መሐንዲስ በቀላሉ የሚገነዘበው መርሕ አላቸው። ለምሳሌ ማማ የሚሠራባቸው 10 ኩቦች ቀለማቸውም ሆነ የተሠሩበት እንጨት አንድ ነው፤ የሚለያዩት ከ1 እስከ 10 ሳንቲሜትር በሚደርሰው ጎናቸው ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ እንደ ተጠበቀ ሆኖ አንዱ ብቻ ሲለወጥ፥ የሕፃኑ ዓይንና እጅ ያንኑ አንዱን ለይተው ያውቁታል።

ይኸው መርሕ ወደ ሰዋስው ተሻገረ። ተውሳከ ግሥ ድርጊቱ እንዴት፥ መቼና የት እንደ ተፈጸመ የሚያስረዳ ቃል ነው ብሎ የስድስት ዓመት ሕፃንን ማስጠናት በቃል የሚያዝ ዐረፍተ ነገር ከመስጠት አያልፍም። ሞንቴሶሪ ግን ትእዛዝ የተጻፈበት ወረቀት ለሕፃኑ መስጠትን መረጡ፤ ሕፃኑ በዝምታ ያነባል፤ ያነበበውንም ያደርጋል። ወረቀቱ ተራመድ ቢል ይራመዳል። የሚቀጥለው ወረቀት ያንኑ ግሥ ይዞ፥ በዝግታ ተራመድ ይላል፤ ሦስተኛው፥ በፍጥነት ተራመድ ይላል። ግሡ አልተነካም፤ የተለወጠው አንድ ቃል ነው፤ የሕፃኑ እርምጃም ከቃሉ ጋር ይለወጣል። ቃሉን መረዳቱም በአረማመዱ ስለሚታወቅ ሌላ ፈተና አያስፈልገውም። በ1916 ስለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ባሳተሙት መጽሐፍ ለእያንዳንዱ የቃል ክፍል የየራሱን ቀለም ያለው ካርድ መድበዋል። ዛሬ በስማቸው በሚጠሩት ትምህርት ቤቶች ግሥ በትልቅ ቀይ ክብ፥ ተውሳከ ግሥ ደግሞ በአነስተኛ ብርቱካናማ ክብ ይመለከታል፤ ትንሹ በትልቁ ላይ የተደገፈ መሆኑን ሕፃኑ ያለ ገለጻ ያያል። ግሦችንና ተውሳከ ግሦችን አደባልቀው የሚያጋጥሙበት ጨዋታም አለ፤ በጩኸት አንሾካሹክ የሚል ሲገጥማቸው ይሥቃሉ፤ በመሣቃቸውም ሁሉም ተውሳክ ከሁሉም ግሥ ጋር እንደማይስማማ ይማራሉ።

ጣልያንኛ ሜንቴ የምትለውን ቅጥያ በቅጽል ላይ እየጨመረ ተውሳከ ግሥ ያበጃል። አማርኛ ግን እንደ ቶሎና ገና ያሉት ጥቂት ስለ ሆኑ፥ በዝግታ፥ በኃይል እያለ በመስተዋድድ፥ ወይም ቀስ ብሎ፥ ፈጥኖ እያለ በግሥ ይገልጻል። ስለዚህ ዘዴውን ወደ አማርኛ የሚያመጣ መምህር ካርዶቹን መተርጎም ብቻ አይበቃውም፤ ቀስ ብለህ የሚለውን ሁለት ቃል በአንድ ካርድ ላይ ማኖር ይገባዋል።

በ1920ዎቹ የሙሶሊኒ መንግሥት ትምህርት ቤቶቻቸውን ደግፎ ነበር፤ በዝምታ አንብቦ የሚሠራ ሕፃን ለአገዛዙ ያማረ ታዛዥ መስሎት ነው። ሞንቴሶሪ ግን የፈለጉት ትእዛዙን ተረድቶ በፈቃዱ የሚፈጽም ሰው ነበር። ሁለቱ ሊስማሙ ስላልቻሉ በ1934 ትምህርት ቤቶቹ በኢጣልያ ተዘጉ፤ ያው አገዛዝ በማግስቱ ዓመት ኢትዮጵያን ወረረ። እርሳቸውም በስፔን ሳሉ በ1936 የርስ በርስ ጦርነት ስለ ተነሣ ወደ ሆላንድ፥ በ1939ም ወደ ሕንድ ሄዱ። በሕንድ ከልጃቸው ከማሪዮ ጋር እስከ 1946 መምህራንን አሠለጠኑ። በግንቦት 1952 በሆላንድ፥ ኖርድዋይክ በተባለች የባሕር ዳር ከተማ አርፈው በዚያው ተቀበሩ።

ምሕንድስናን ትተው ቢሄዱም የመሐንዲስ ጥንቃቄ አልተለያቸውም። ለሕፃን የሚቀርበውን እያንዳንዱን ነገር ለክተውና ፈትነው፥ ትርፉን አስወግደው፥ አንዱን ለይተው በእጁ ሰጡት፤ የቀረውን ለራሱ ለሕፃኑ ተዉለት።