የሐኪም ወርቅነህ እሸቱ ታሪክ

ወርቅነህ እሸቱ በ1857 ዓ.ም. በጎንደር ተወለደ። በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ዐፄ ቴዎድሮስ ነበሩ። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በዚያው ሞቱ። በአምባው ላይ ታላቅ ሁከት በሆነ ጊዜ ሕፃኑ ወርቅነህ ከወላጆቹ ተለየ። ዕድሜው ገና አራት ዓመት አልሞላም ነበር። እንግሊዞች ብቻውን አገኙት፤ ቻምበርሊን የሚባል ኮሎኔልም አዘነለትና ወደ ህንድ አገር ይዞት ሄደ።

ኮሎኔል ቻምበርሊን ሕፃኑን ያሳድገው ጀመር፤ ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞተ። ወርቅነህም ለሁለተኛ ጊዜ ያለ አሳዳጊ ቀረ። ያን ጊዜ ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ቻለለት። ስለዚህ ልጁ በሁለቱ ሰዎች ስም ቻርልስ ማርቲን ተባለ።

ወርቅነህ በባዕድ አገር፣ በባዕድ ቋንቋ፣ በባዕድ ስም አደገ። እናቱ የምትናገረውን አማርኛ ረሳ። ሆኖም የተደረገለትን ቸርነት በስንፍና አላጠፋውም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ፣ ዛሬ በፓኪስታን ውስጥ በሚገኘው በላሆር ከተማ ሕክምናን አጠና። በ1874 ዓ.ም. ትምህርቱን ፈጽሞ ሲመረቅ ዕድሜው አሥራ ስምንት ዓመት ያህል ብቻ ነበር። ከዚያም ወደ ስኮትላንድ ሄዶ ዕውቀቱን ጨመረ፤ በበርማ አገርም በሐኪምነት አገለገለ።

ደመወዝና ክብር ያለው ሰው የተወለደበትን አገር ሊረሳ ይችላል። ሐኪም ወርቅነህ ግን አልረሱም። በ1888 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በዓድዋ ድል ማድረጓን ሰሙ፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጡ። በመቅደላ የጠፋው ልጅ መጣ የሚል ወሬ ሲሰማ አያታቸው ሊያዩአቸው መጡ። ሕፃኑ ጢም ያለው ሰው ሆኖ ነበርና በመልኩ መለየት አይቻልም ነበር። አያቲቱ ግን በልጅነቱ በሰውነቱ ላይ የቀሩትን ጠባሳዎች ያውቁ ነበር። ጠባሳዎቹንም ባዩ ጊዜ የልጅ ልጃቸው መሆኑን አወቁ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ አያትና የልጅ ልጅ ተገናኙ፤ ነገር ግን ያለ አስተርጓሚ መነጋገር አልቻሉም።

ሐኪም ወርቅነህ ይህን ጉድለት በትምህርት ሞሉት። ካደጉ በኋላ እንደ ሕፃን ከፊደል ጀምረው አማርኛን ተማሩ። በመጨረሻም የረሱትን ቋንቋ እስከ መጻፍ ደርሰው የኢትዮጵያ ልጆች ዓለምን የሚያውቁበትን የጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ አዘጋጁ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በተከፈተ ጊዜ የበላይ ተቆጣጣሪ ሆነው ተሾሙ። ከባርነት ነጻ ለወጡ ልጆችም ትምህርት ቤት እንዲኖር ደከሙ። ያለ ወላጅ ያደገ ሰው ወላጅ የሌለውን ልጅ ያውቃልና።

ሕመምተኞችን በመድኃኒት ከመርዳታቸውም ሌላ፣ በአዲስ አበባ የፍል ውሃ መታጠቢያ ቤት እንዲሠራ ደከሙ። መድኃኒት የሚፈለገው ሰው ከታመመ በኋላ ነው፤ ንጽሕና ግን ብዙ በሽታ ከመምጣቱ በፊት ይከለክላል። እጁን ከምግብ በፊት የሚታጠብ፣ ልብሱን የሚያጥብ፣ ንጹሕ ውሃ የሚጠጣ ልጅ ለራሱ ትንሽ ሐኪም ነው።

ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ሐኪም ወርቅነህ በሎንዶን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ፤ ስለ አገራቸውም ተከራከሩ። በ1929 ዓ.ም. ታላቅ ኀዘን ደረሰባቸው። በእንግሊዝ አገር የተማሩት ሁለቱ ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም በአዲስ አበባ በጣሊያኖች ተገደሉ። በሕፃንነታቸው ወላጆቻቸውን ጦርነት ነጠቃቸው፤ በሽምግልናቸውም ልጆቻቸውን ጦርነት ነጠቃቸው። ቢሆንም አገራቸው ነጻ ከወጣች በኋላ ተመለሱ፤ በ1945 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ምድር ዐረፉ።

ልጆች ሆይ፣ በማታ ወደ ቤት ስትመለሱ እናትና አባታችሁ፣ ወይም አያታችሁ በቋንቋችሁ ይጠሩአችኋል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሐኪም ወርቅነህ በልጅነታቸው አላገኙትም። እንግዲህ የሚያሳድጓችሁን አክብሩ፤ ስለ እናንተ የሚከፈለውን ዋጋ አስቡ፤ ሰውነታችሁን በንጽሕና ጠብቁ። ስታድጉ ምን መሆን እንደምትፈልጉ ከአሁኑ አስባችሁ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ተማሩ። ሰው ያሳደገው ልጅ ብድሩን የሚከፍለው ሌላውን በማሳደግ ነው።