ዘግይቶ የተማረው ሊቅ

በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም ከተማ ያሬድ የሚባል ሕፃን ነበረ። አባቱ ገና በልጅነቱ ስለ ሞተበት እናቱ ወደ አጎቱ ወደ አባ ጌዴዎን ወሰደችው። አባ ጌዴዎን በአክሱም ጽዮን መምህር ነበሩና ልጁን ተቀብለው መዝሙረ ዳዊትን ያስተምሩት ጀመር።

ነገር ግን ትምህርቱ ለያሬድ ከበደው። ዛሬ ያጠናውን ነገ ይረሳዋል፤ ባልንጀሮቹ አልፈውት ሲሄዱ እርሱ ከጀመረበት ሳይርቅ ቀረ። መምህሩም ቸልተኛ መስሏቸው ይገርፉት ነበር። በትሩ ግን ጀርባውን አቆሰለ እንጂ ልቡናውን አልከፈተለትም።

ከዕለታት አንድ ቀን ግርፋቱ ስለ በዛበት ሸሽቶ ሄደ። በመንገድም ደክሞት ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ። በዚያም ሳለ አንዲት ትል ፍሬውን ለመብላት ግንዱን ስትወጣ አየ። ጥቂት ወጥታ ወደቀች፤ ደግማ ወጣች፥ ደግማም ወደቀች። ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ከፍሬው እንደ ደረሰች ይነገራል። ያሬድም ይህን ባየ ጊዜ፥ ሸሽቶ መሄዱ የመጨረሻው ውድቀት እንዳይሆንበት አሰበ። ተነሥቶ ወደ መምህሩ ተመለሰና ይቅርታ ለመነ። አባ ጌዴዎንም አላባረሩትም፤ ተቀብለው እንደ ገና አስተማሩት። ልጁም በእንባ ወደ እግዚአብሔር ጸለየ፥ ልቡናውም ተከፈተለት።

ያ ኋላ የቀረ ልጅ ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ የሚባሉትን ሦስቱን ዜማዎች ለኢትዮጵያ ያስገኘ ሊቅ ሆነ፤ ድጓ የተባለውም መጽሐፍ የእርሱ ነው። በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ሁለቱም በዜማው ከመመሰጣቸው የተነሣ፥ የንጉሡ ጦር የያሬድን እግር ሲወጋው አንዳቸውም እንዳላወቁ ይነገራል። በመጨረሻም ወደ ሰሜን ተራራ ሄዶ በዚያ ዐረፈ፤ መታሰቢያውም ግንቦት 11 ቀን ነው።

ልጆች ሆይ፥ አባ ጌዴዎን የተመለሰውን ልጅ ከደጅ ቢመልሱት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነም ነበር። እንግዲህ በቤታችሁ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ከንባብ ወደ ኋላ የቀረ እንደ ሆነ አትሳቁበት። በሐዋሳ ከተማ የሚማር ሕፃን ሲዳሙ አፎን በላቲን ፊደል፥ አማርኛን በግዕዝ ፊደል ሊማር ይችላል፤ ሁለት ዓይነት ፊደል መያዝ ለትንሽ ልጅ ቀላል ሸክም አይደለም። አስቀድማችሁ በደኅና ማየቱንና መስማቱን መርምሩ፤ ሰነፍ የተባለ ብዙ ልጅ ሰሌዳው የማይታየው ሆኖ ተገኝቷልና። ከዚያም መንገዱ ወደ ጠፋበት ፊደል መልሱት እንጂ ባልንጀሮቹ ወዳሉበት ገጽ አትጎትቱት።

ሀሁን በቃሉ እንደ ዜማ የሚያወርድ ልጅ ፊደሉን ለይቶ ያውቃል ማለት አይደለም። የቀድሞ መምህራን ከሀሁ ቀጥለው አቡጊዳን ያስተምሩ የነበሩት ስለዚህ ነው፤ ተራው ሲለወጥ ልጁ በአፉ ልማድ ሳይሆን በዓይኑ ያውቅ ዘንድ ነው። እናንተም በጣታችሁ ከዚህም ከዚያም እያመለከታችሁ ጠይቁት። በቀን ጥቂት ፊደል ይብቃው፥ ነገር ግን ቀን አይለፈው። ያነበበውን ይጻፈው፥ የጻፈውንም ያንብበው። ሲሳሳት አርሙት፤ ሲያውቅ አመስግኑት።

ትሏን ወደ ፍሬው ያደረሳት መውጣቷ ብቻ አይደለም፤ በወደቀች ጊዜ የረገጣት ሰው አለመኖሩም ነው።