ጆሴፊን ባኪታ፦ በካርቱም የተሸጠችው፣ በቬኒስ አልመለስም ያለችው ሴት

ባኪታ በዐረብኛ ዕድለኛ ማለት ነው። ይህን ስም ያወጡላት ወላጆቿ ሳይሆኑ ከመንደሯ ነጥቀው የወሰዷት ባሪያ ፈንጋዮች ናቸው። ካደገች በኋላ ስለ ልጅነቷ ሲጠይቋት ሦስት ወንድሞችና ሦስት እህቶች እንደነበሯት፣ ከእህቶቿም አንዷ መንታዋ እንደነበረች ታስታውስ ነበር። እናትና አባቷ ይጠሯት የነበረውን ስም ግን ድንጋጤው ከአእምሮዋ ፍቆት ኖሮ እስከ ዕለተ ሞቷ አላገኘችውም።

የተወለደችው እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ1869 ገደማ፣ በምዕራብ ሱዳን ዳርፉር ውስጥ ኦልጎሳ በተባለች መንደር ነው። ወገኖቿ ዳጁ የሚባሉት ሕዝቦች ሲሆኑ፣ የአባቷ ወንድም የመንደሩ አለቃ ነበር። ቤተሰቡ በጊዜው መለኪያ የተከበረና የማይቸገር ነበር ማለት ነው። ክብርም ሆነ ሀብት ግን ልጆቹን አላዳነም። በመጀመሪያ ታላቅ እህቷ ተወሰደች። ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1877፣ ባኪታ ከመንደሯ ራቅ ብላ ሳለች ሁለት ሰዎች አገኟት፤ ከቁጥቋጦው ሥር ዕቃ አምጪልን ብለው ላኳት፤ ከዚያም ያዟት። ዕድሜዋ ገና ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነበር።

ዓመቱን ልብ ማለት ያሻል። ብሪታኒያና ግብፅ የባሪያ ንግድን ለማጥፋት ውል የተፈራረሙት በዚያው በ1877 ነሐሴ ወር ነው። ውሉ ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብ የሚደረገው ሽያጭ በሱዳን ፈጽሞ እንዲቆም የ12 ዓመት ጊዜ ሰጥቶ ነበር። ወረቀቱ እስክንድርያ ላይ ሲፈረም ሕፃኗ በእግሯ ወደ ኤል ኦቤይድ እየተነዳች፣ እጅ በእጅ እየተሸጠች ነበር።

በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ አምልጣለች። ከእኩያዋ ጋር ሆና፣ ጠባቂው ዘወር ሲል ወደ ጫካ ሮጠች። ሁለቱ ሕፃናት አቅጣጫቸውን ሳያውቁ ሌሊቱን ሲሮጡ አደሩ። በመጨረሻ ያገኛቸው ሰው የሚረዳቸው መስሎ ወደ ቤቱ ከወሰዳቸው በኋላ በሰንሰለት አስሮ ከበጎቹ ጋር አጎራቸው፤ ቆይቶም ለሚያልፍ ነጋዴ ሸጣቸው።

በኤል ኦቤይድ አንድ ባለጠጋ ገዝቶ የሴት ልጆቹ አገልጋይ አደረጋት። ከባለጠጋው ወንድ ልጅ ጋር በተጣላች ጊዜ የተመታችው ድብደባ ከወር በላይ ከሣር ምንጣፏ እንዳትነሣ አድርጓታል። ቀጥሎ የገዛት የቱርክ ጦር አዛዥ ነው፤ ሥራዋም የአዛዡን እናትና ሚስት ማገልገል ነበር። ሴቶቹ አለንጋ ከእጃቸው አይለይም ነበር፤ አንዱ ቁስል ሳይጠግግ ሌላው ይከተላል።

ከዚህ ሁሉ ግን እርሷ ራሷ ከልብ የማይጠፋ ያለችው የንቅሳቱን ቀን ነው። በእመቤቲቱ ትእዛዝ አንዲት ሴት ዱቄት፣ ጨውና ምላጭ ይዛ መጣች። በዱቄቱ በገላዋ ላይ ንድፉን ሣለች፤ በምላጩ መስመሩን ተከትላ ቀደደች፤ ከዚያም ጠባሳው እንዳይጠፋ ጨው ነሰነሰችበት። በደረቷ፣ በሆዷና በቀኝ ክንዷ ላይ 114 ቁርጥ ቀርቷል። ለእመቤቲቱ ይህ ጌጥ ነበር፤ ዕቃዋን እንደማስጌጥ ያለ።

ካርቱም፣ የምክትል ቆንስሉ ቤት

በ1882 መገባደጃ የማህዲ ጦር ኤል ኦቤይድን አስጨነቀ። የቱርኩ አዛዥ ወደ አገሩ ለመመለስ ተሰናድቶ ስለነበር አገልጋዮቹን ወደ ካርቱም አምጥቶ ሸጠ። ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት ስፍራ የተቆረቆረችው ካርቱም በቱርክና ግብፅ አስተዳደር ዘመን ያደገች የዝሆን ጥርስና የባሪያ ገበያ ነበረች። ከዳርፉር የመጣው፣ ከኑባ ተራሮች የወረደው፣ በመተማና በጋላባት በኩል ከኢትዮጵያ የተነዳው ምስኪን ብዙ ጊዜ ወደዚያው አካባቢ ይደርሳል። የባኪታን ታሪክ የሐበሻ አንባቢ እንደ ሩቅ አገር ወሬ ሊያነበው አይችልም፤ በእኛም ምድር ባርነትን በሕግ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1942 ነውና።

በ1883 በካርቱም የገዛት የኢጣልያ ምክትል ቆንስል ካሊስቶ ሌኛኒ ነበር። በዚህ ቤት ሁለት ነገሮች ተለወጡ፤ የሚመታት ሰው ጠፋ፤ የምትለብሰውም ልብስ ተሰጣት። የቤት ሥራ ትሠራለች፣ ትታዘዛለች፤ ሲመሽ ግን አለንጋ ሳትጠብቅ ትተኛለች። ዕድሜዋ በአሥራዎቹ መጀመሪያ የሆነ ልጅ ይህን እንደ ሰላም ብትቆጥረው የሚያስገርም አይደለም። ቢሆንም እውነቱን ማድበስበስ አይገባም፤ ሰውየው ደግ ቢሆንም በገንዘብ የገዛት ጌታዋ ነበር።

የሱዳን ሁኔታ እየከፋ ሲሄድ ሌኛኒ ወደ አገሩ ለመመለስ ተነሣ። ባኪታ አብራው ለመሄድ ለመነች። ልመናው የወጪ ጭማሪ ነበርና ሰውየው መጀመሪያ አቅማማ፤ ልጅቷ ግን አልተወችውም። ቤቷን ከተነጠቀች ወዲህ ስለ ራሷ ዕጣ ፈንታ የፈለገችውን ተናግራ የተፈጸመላት የመጀመሪያው ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም። አውጉስቶ ሚኪየሊ ከተባለ የሌኛኒ ወዳጅ ጋር በግመል በረሃውን አቋርጠው በቀይ ባሕር ዳር ወዳለችው ሱአኪን ወረዱ። ካርቱም በማህዲ ተከታዮች እጅ የወደቀችው፣ ጄኔራል ጎርደንም የተገደለው በጥር 1885 ነው። ባኪታ በመጋቢት በመርከብ ተሳፍራ በሚያዝያ ጄኖቫ ደረሰች። ካርቱምን ዳግመኛ አላየቻትም።

ሦስት ቀን የፈጀ ክርክር

ጄኖቫ ወደብ ላይ ሌኛኒ ልጅቷን ለሚኪየሊ ሚስት ለቱሪና ሰጣት፤ ሰጣት የሚለው ቃል በትክክል የሆነውን ይገልጻል። በቬኒስ አቅራቢያ ባለችው ዚያኒጎ በሚኪየሊ ቤት ሦስት ዓመት ያህል ኖረች። በ1886 የተወለደችውን አሊቼን፣ በቤት ስሟ ሚሚናን፣ እንደ ልጇ አሳደገች። በመካከሉ ቤተሰቡ ወደ ሱአኪን ወስዶ ዘጠኝ ወር ያህል አቆይቷታል፤ ሚኪየሊ በዚያ ሆቴል ገዝቶ ነበር።

ቱሪና የሆቴሉን ሥራ ለማገዝ እንደገና ወደ ሱአኪን ስትሄድ ሚሚናንና ባኪታን በቬኒስ ለካኖሳ ደናግል በአደራ ተወቻቸው። ይህን የመከረው የቤተሰቡ ጉዳይ አስፈጻሚ ኢሉሚናቶ ኬኪኒ ሲሆን፣ ለባኪታ ትንሽ የብር መስቀል የሰጣት እርሱ ነው። ባኪታ በመነኮሳቱ ቤት የክርስትናን ትምህርት ተማረች። ከልጅነቷ ጀምሮ ፀሐይንና ከዋክብትን እያየች የእነዚህ ሁሉ ባለቤት ማን ይሆን እያለች ታስብ እንደነበር ኋላ ተናግራለች፤ መልሱን በዚያ ቤት እንዳገኘች አመነች።

ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ቱሪና ልጇንና አገልጋይዋን ይዛ ወደ ሱአኪን ለመመለስ መጣች። ባኪታ አልሄድም አለች።

የዚህን ቃል ክብደት ለመገመት የተናጋሪዋን ሁኔታ ማሰብ ይበቃል። ወደ 20 ዓመት የተጠጋች፣ የአገሩን ቋንቋ በቅጡ ያልያዘች፣ ገንዘብም ዘመድም የሌላት ሴት ናት። የምትለያት እመቤት የምትጠላት ሰው አይደለችም፤ በዳቦዋ ያደረች ናት። የምትለያት ሕፃንም በጀርባዋ ያሳደገቻት ናት። ቱሪና ተቆጣች፣ ለመነች፣ ውለታ ቢስ አለቻት። ክርክሩ ሦስት ቀን ፈጀ። የቤቱ አለቃ መነኩሲት ጉዳዩን ለቬኒስ ፓትርያርክ አሳወቁ፤ ፓትርያርኩም ለንጉሡ ዐቃቤ ሕግ አመለከቱ። ኅዳር 29 ቀን 1889 የተሰጠው ውሳኔ ግልጽ ነበር፤ የኢጣልያ ሕግ ባርነትን አያውቅም፤ ስለዚህ ባኪታ ነፃ ሴት ናት፤ የምትኖርበትን የምትመርጠው ራሷ ናት።

ሚሚና እያለቀሰች ከሞግዚቷ ተለየች። ባኪታም አለቀሰች፤ ውሳኔዋን ግን አልለወጠችም። ከእንግዲህ የዚያን ቤት ደጅ ብትረግጥ ያገኘችውን እምነት እንደምታጣ ፈርታ ነበር። የዕለቱን ፍርድ ከእርሷ ይልቅ ለሕጉ ታላቅነት የሚሰጡ ጸሐፊዎች አሉ፤ ለእኔ ግን የሚገርመው ሕጉ አራት ዓመት ሙሉ በአጠገቧ ቆሞ ሳለ እርሷ አፏን እስክትከፍት ድረስ ማንም ያነሣው አለመኖሩ ነው።

ጥር 9 ቀን 1890 ተጠመቀች፤ ከተሰጧት የክርስትና ስሞች አንዱ ጆሴፊን ነው። በ1893 ወደ ምንኩስና ትምህርት ገባች፤ በ1896 ስእለቷን ፈጸመች።

መርፌ፣ ወጥ ቤትና ደጅ

ከ1902 ጀምሮ እስከ መጨረሻው ቤቷ የሆነችው ስኪዮ ናት። በቪቼንዛ አውራጃ፣ ከተራሮች ግርጌ የምትገኝ የሱፍ ፋብሪካ ከተማ ነች። የዕለት ሕይወቷ ምንም የሚያጓጓ ነገር የለውም፤ ትቀቅላለች፣ ትሰፋለች፣ ትጠልፋለች፣ የጸሎት ቤቱን ዕቃ ትጠብቃለች፣ በኋላም ደጅ ትከፍታለች።

ጥልፍ ትዕግሥት የሚፈልግ ሥራ ነው። ንድፉ በጨርቁ ላይ ይነደፋል፤ ከዚያ ክር በክር፣ ስፌት በስፌት ይሞላል፤ አንዱ ስፌት ሲጠብቅ ወይም ሲላላ ጨርቁ ይጨማደዳል። በገላዋ ላይ በዱቄት ንድፍ የተነደፈባት ሴት ዕድሜዋን ሙሉ በመርፌ ንድፍ ስትሞላ መኖሯን ሳያስብ የሚያልፍ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። እርሷ ግን በዚህ ላይ አልተፈላሰፈችም፤ ሥራው ሥራዋ ነበር።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግንባሩ ወደ ስኪዮ ሲቀርብ ከገዳሙ ከፊሉ የጦር ሆስፒታል ሆነ፤ የወጥ ቤቱም ሥራ በዛ። ደጅ ጠባቂ በሆነች ጊዜ ደግሞ በየማለዳው ወደ ደናግሉ ትምህርት ቤት የሚመጡትን ሕፃናት እጇን በራሳቸው ላይ እየጫነች ትቀበላቸው ነበር። የከተማው ሰው ጥቁሯ እናት እያለ ይጠራት ጀመር።

የምትናገረው የቬኒስን አካባቢ ቀበልኛ ነበር። እግዚአብሔርን የምትጠራው በዚያው ቀበልኛ የቤት ጌታን፣ አሠሪን በሚገልጸው ፓሮን በተባለው ቃል ነው። በአማርኛም ጌታ የሚለው ቃል ፈጣሪንም ባለ ሎሌውንም ይሸከማልና የቃሉን ምፀት ለመረዳት አንቸገርም። ብዙ ጌቶች ያፈራረቋት ሴት ቃሉን አልጣለችውም፤ የሚገባው ሌላ ነው ብላ ለመረጠችው ሰጠችው።

የፈነገሏትን ሰዎች ብታገኝ ምን ታደርጊ ነበር ተብላ ስትጠየቅ ተንበርክካ እጃቸውን እንደምትስም መለሰች፤ እነርሱ ባይኖሩ እዚህ አልደርስም ነበር ባይ ናት። ይህ መልስ ብዙዎችን አስደስቷል፤ ሌሎችን ቅር አሰኝቷል። ባርነትን የሚያለዝብ አድርጎ መውሰድ ግን በቬኒስ ያደረገችውን መርሳት ነው። ይቅር ያለችው ሰዎቹን ነው፤ ወደ ሰንሰለቱ ተመለሺ ስትባል አልተመለሰችም።

በ1931 የሕይወት ታሪኳ በመጽሐፍ ታትሞ ስሟ በኢጣልያ ከዳር እስከ ዳር ተሰማ። በቻይና ካገለገለች መነኩሲት ጋር ከከተማ ከተማ እየዞረች በሕዝብ ፊት ትቆም ጀመር። ለማየት የሚጋፋው ሕዝብ ብዙ ነበር፤ እርሷ ግን የምትናገረው ጥቂት ነው፤ መታየቱም ይከብዳት ነበር። የፋሽስት ጦር አዲስ አበባን በያዘበት በ1936፣ ወደዚያችው ከተማ ከሚሄዱ ሚስዮናውያን ጋር ሆና ሮም ላይ ሙሶሊኒ ፊት ቀርባለች። አገዛዙ ወረራውን ባሪያ ነፃ የማውጣት ዘመቻ እያለ በሚሰብክበት ሰዓት ከሱዳን የመጣች የቀድሞ ባሪያ ጥሩ ምስክር ትመስል ነበር። ኢትዮጵያዊ አንባቢ በዚህ ገጽ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም፤ ፈቃዷ ሳይጠየቅ ለሌሎች ዓላማ መታየት ለባኪታ አዲስ ነገር አልነበረም።

የመጨረሻ ዓመታቷን ያሳለፈችው በሕመም፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነው። በ1947 መጀመሪያ በሳንባ ሕመም ስትደክም አእምሮዋ ወደ ልጅነቷ ዘመን ይመለስ ጀመር፤ የምታስታምማትን ሰንሰለቱ ከብዶኛል፣ ጥቂት አላልተሽ እሰሪኝ እያለች ለመነቻት። የካቲት 8 ቀን አረፈች።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1992 የብፅዕና፣ በ2000 የቅድስና ማዕረግ ሰጥተዋታል። በየካቲት 1993 ደግሞ ካርቱምን ሲጎበኙ ተሸጣ ባለፈችበት ከተማ በሕዝብ ፊት ስሟን አክብረው ጠርተዋል። የካቲት 8፣ የዕረፍቷ ቀን፣ ከ2015 ወዲህ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በሰው ንግድ ለተጎዱ የሚጸለይበት ዕለት ነው። አስከሬኗ በስኪዮ፣ በደናግሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይገኛል።