ኤድስገር ዳይክስትራና ተደብቆ የሚመጣው ስሕተት

በዚህ እትም ታሪኩን የምናቀርብላችሁ ሰው ሆላንዳዊው የኮምፒዩተር ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1930 በሮተርዳም ከተማ ተወለደ። አባቱ ኬሚስትሪ ያስተምሩ ነበር፤ እናቱም የሒሳብ ምሁር ነበሩ። እሱ በላይደን ፊዚክስ እየተማረ ሳለ በ1952 በአምስተርዳም የሒሳብ ማዕከል በፕሮግራመርነት ተቀጠረ። ያኔ ሥራው ለሰው እንግዳ ነበርና በ1957 ሲያገባ የከተማው ሹሞች እንዲህ ያለ ሞያ አናውቅም ብለው በጋብቻው ወረቀት ላይ ፊዚሲስት አሉት። አቤት ጊዜ!

በዚያው ሰሞን ባልደረቦቹ ኤክስ-1 የተባለ ኮምፒዩተር ሲነድፉ፣ ማሽኑ አንዱን ሥራ በመሥራት ላይ ሳለ ሌላ መሣሪያ በፈለገው ጊዜ እንዲያቋርጠው ለማድረግ አሰቡ። ዳይክስትራ ፈራ። ፍርሃቱ እንዲያው አልነበረም። አቋራጩ መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ አንዴ የታየ ስሕተት በዚያው መልክ ተመልሶ ላይመጣ ይችላል፤ ታዲያ ማን ይዞ ያርመዋል? በኋላ ግን ተስማማ፤ በ1959 የዶክትሬት ጽሑፉን ያቀረበው በዚሁ ማሽን ላይ ነው።

ነገሩን በጥቁር ሰሌዳ እናስረዳ። ሰሌዳው ላይ 20 ተጽፏል እንበል። ሁለት ተማሪዎች እያንዳንዳቸው 1 እንዲጨምሩ ታዘዙ። አንዱ 20ን አነበበ፤ ገና ሳይጽፍ ሌላውም መጥቶ 20ን አነበበ። ሁለቱም 21 ብለው ጻፉ። 22 መሆን የነበረበት 21 ሆኖ ቀረ። ሁለቱም እኮ በትክክል ደምረዋል! አንዱ ሌላውን ጠብቆ ቢወጣ ኖሮ ችግር አልነበረም። በኮምፒዩተርም ብዙ ሥራዎች አንድ የማስታወሻ ቦታ ሲጋሩ እንዲሁ ነው። አንዱ ቦታውን ጨርሻለሁ ብሎ ሲለቅ ሌላው ገና እየተጠቀመበት ከሆነ፣ ለብዙ ሰው የሚያገለግለው ሰርቨር ድንገት ሊወድቅ ይችላል። ባለሞያው ሊመረምረው ሲቀመጥ ደግሞ ደህና ይሠራል፤ ሐኪም ቤት ደጃፍ ሲደርስ ጥርሱ እንደሚተወው ሰው።

ዳይክስትራ ሴማፎር የተባለውን ዘዴ ያወጣው ለዚህ ነው። ስሙ ከባቡር ሐዲድ ምልክት የመጣ ነው። ሥራው ወደ ጋራው ቦታ ከመግባቱ በፊት አንድ ቁጥር ያያል፤ ዜሮ ከሆነ ይጠብቃል፣ ካልሆነ አንድ ቀንሶ ይገባል፤ ሲወጣ መልሶ ይጨምራል። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። በ1965 ለተማሪዎቹ ያወጣው የፈተና ጥያቄ ኋላ የአምስቱ ፈላስፎች ማዕድ ተብሎ ታወቀ፦ አምስት ሰው፣ አምስት ሹካ፣ ለመብላት ግን ሁለት ሹካ። ሁሉም በግራው ያለውን አንሥቶ አልለቅም ካለ ሁሉም ይራባል። በእጃችን ለምንበላው ለእኛ ምሳሌው ትንሽ ያስቸግራል እንጂ ሐሳቡ ግልጽ ነው።

ከ1962 ጀምሮ በአይንድሆቨን ፕሮፌሰር ሳለ ከጥቂት ሰዎች ጋር የሠራው ሥርዓት በዚህ ዘዴ የቆመ ነበር። በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በፍተሻ የተገኙት በ500 ትእዛዝ አንድ ያህል ተራ የአጻጻፍ ስሕተቶች ብቻ እንደ ነበሩ ገልጿል። ብዙ ሰው የሚያውቀው በአጭር መንገድ ቀመሩ ነው፤ እኛ ግን ይህን እናስበልጣለን።

በ1972 የቱሪንግን ሽልማት አገኘ። ከ1984 እስከ 1999 በኦስቲን፣ ቴክሳስ አስተማረ። ከ1,300 በላይ ቁጥር የተሰጣቸው ጽሑፎች ትቷል፤ ብዙዎቹን የጻፈው በብዕር ነው። ኦገስት 6 ቀን 2002 በሆላንድ ኑነን በተባለች ቦታ ዐረፈ።